ቀይ ለእውነተኛው ማሽን

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እትዬ መትረየስ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት በታይፕ ዘመን ነው። መጻፍ ስትጀምር ከኮሪደሩ ማዶ ያለ ሰው ተኩስ የተከፈተ ይመስለው ነበር። የታይፕ መኪናዎቹ ተሰብስበው መጋዘን ሲገቡ እኩዮቿ ጡረታ ጠየቁ፤ እሷ ኮርስ ጠየቀች። ይኸው ዛሬ በሃምሳ ሦስት ዓመቷ የአውቶቡስ ድርጅቱን ሰርቨሮች የምትጠብቀው እሷ ናት።

ሰርቨሮቹ ሁለት ናቸው። አንዱ እውነተኛው ነው፤ በዘጠኙም ጣቢያ የሚቆረጥ ትኬት በእሱ በኩል ያልፋል። ሌላው መለማመጃ ነው፤ ቢያፈርሱት ቢሠሩት የሚቀየም የለም። ጣጣው ሁለቱም በጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ጽሑፍ ሆነው መምጣታቸው ነበር፣ እንደ መንታ። ትእዛዝ ከሚጻፍበት ቦታ ፊት አንዲት የዶላር ምልክት ትቆማለች፣ «እሺ፣ ምን ልታዘዝ?» እንደማለት። የየትኛው ቤት ሎሌ እንደሆነች ግን አትናገርም።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ እትዬ መትረየስ መለማመጃውን አጥፍቼ ላስነሳ ብላ እውነተኛውን አጠፋችው። ደቂቃ ሳይሞላ ጠረጴዛዋ ላይ ያሉት ሁለት ስልኮች ባንድ አፍ ጮኹ። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ በዘጠኝ ጣቢያ አንድ ትኬት አልተቆረጠም። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ከሦስተኛ ፎቅ ወረዱ። አልተቆጡም፤ የባሰውም እሱ ነው። «ከእርስዎ አልጠብቅም ነበር» ብለው ብቻ ተመለሱ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ምሳ ሰዓት ላይ ከወንበሯ ሳትነሳ ተቀምጣ ሳለ፣ ጎኗ የሚሠራው ኢንጂነር ዞር አለ። ይህ ሰው በአንድ ጊዜ ከሦስት ቃል በላይ ሲናገር ተሰምቶ አያውቅም።

«ምልክቷ እኮ ትቀየራለች» አላት።

እንዴት ብትለው መልስ በመስጠት ፈንታ አንድ ገጽ አትሞ ሰጣት። ያቺ የዶላር ምልክት ለካ በአንድ ፋይል ውስጥ የተጻፈች ተራ መስመር ናት። መስመሯ ላይ አንዱን ፊደል ብትጨምር የማሽኑን ስም ይነግራታል፣ ሌላውን ብትጨምር ሰዓቱን፣ ሌላውን ደግሞ የቆመችበትን ፎልደር። ቀለሞቹም ቁጥር አላቸው፦ ሠላሳ አንድ ቀይ፣ ሠላሳ ሁለት አረንጓዴ፣ ሠላሳ ሦስት ቢጫ። እስኪ ብላ ለሙከራ ቅጽል ስሟን በሠላሳ ሁለት ጻፈችና ኤንተርን ተጫነች። «መትረየስ» የሚል ለምለም አረንጓዴ ብቅ አለ። ሳቋ አመለጣት። ደግማ ተጫነች፤ ደግሞ መጣ። ስክሪኑ ከአናቱ እስከ ግርጌው መትረየስ በመትረየስ እስኪሆን ተጫነች።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት። ረቡዕ ሰዓቱን በቢጫ፣ ፎልደሩን በሰማያዊ አደረገች። ሐሙስ ትእዛዙ ከሠመረ የሚስቅ፣ ካልሠመረ የሚያኮርፍ ፊት ጨመረች፤ ኩርፊያውን ለማየት ስትል ብቻ ሆን ብላ ስትሳሳት ዋለች። ዓርብ ምልክቷ ከመስመሩ ሁለት እጁን ወረሰችና ለትእዛዙ የጣት ስፋት ቀረ። ይባስ ብሎ ረጅም ትእዛዝ ስትጽፍ ጽሑፉ ወደ ታች እንደመውረድ ተመልሶ በራሱ ላይ ይጻፍ ጀመር።

ኢንጂነሩ አየት አድርጎ «ቀለሙን ቅንፍ ያልብሱት» አለ። የቀለም ቁጥር ለዓይን አይታይም፤ ቅንፍ ካልለበሰ ግን ማሽኑ እንደ ፊደል ይቆጥረውና መስመሩ የት እንደሚያልቅ ይስታል። አለበሰችው፤ ተቃና።

ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ስለ እሱ ሥራ የምታውቀው ከቱታው ላይ የሚሸታትን ያህል ነበር። እሱም ሚስትህ ምን ትሠራለች ሲሉት «ኮምፒውተር ላይ ናት» ብሎ ይገላገላል። የዚያን ቀን እራት ላይ ግን ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት እያለች ስትቆጥርለት ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ስንት ቀለም ቀባሽ?»

«ሰባት።»

«ባንድ መስመር ላይ?»

«ባንድ መስመር ላይ።»

«ሁሉም ከጮኸ ማን ይሰማል?» አላት። «አንዱን ብቻ አስጩኺ፤ አደጋ ያለበትን። ሌላው ላይ ዓይን ይረፍበት።»

ተነስቶ የቀለም ናሙና ካርዶቹን አመጣና ሳህኖቹን ገፍቶ ዘረጋቸው። ቀዩ ፊደሉ ይሁን ወይስ ከፊደሉ ጀርባ ያለው መደብ? ወጡ ቀዝቅዞ እስኪረጋ ተከራከሩ። መደቡ አሸነፈ፤ ያውም በአንድ ቃል ጀርባ ብቻ። ሙሉ ግድግዳ ቀይ ሲሆን ሰው ይቸኩላል፣ በሩ ብቻ ቀይ ሲሆን ግን ይቆማል ብሎ አስረዳት። እሷንም ይህን ሁሉ ዓመት ከፈላስፋ ጋር መኖሯን ሳታውቅ መቅረቷ አሳቃት።

ሰኞ መለማመጃው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሆነ። በሌላኛው ላይ «እውነተኛው» የሚለው ቃል በቀይ መደብ ላይ በነጭ ተጻፈ፤ ትእዛዙም ቦታ እንዳያጣ ወደ ታችኛው መስመር ወረደ። የሚስቀውን ፊት ግን ማንም አላስጣላትም።

ባሏ በነጋታው ሊያየው መጣ። የበሩ ዘበኛ ቱታውን ሲያይ ለሥራ የመጣ መስሎት ደረጃው ሥር የተላጠውን ግድግዳ አሳየው፤ እሱም በጥሞና መርምሮ ሁለት እጅ ቀለም እንደሚበቃው ተናግሮ አለፈ። ስክሪኑ ፊት ሲደርስ እንደ ልማዱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ቀዩ ትንሽ ይጠቁር።»

ቀለሞቹ ስምንት ናቸው፣ ቀይ አንድ ብቻ ነው አለችው። ያን ጊዜ ኢንጂነሩ ከጎን «ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት አሉ» ብሎ ራሱንም አስደነገጠ፤ አምስት ቃል። እውነትም ነበሩ። ቁጥሩን በቀየረች ቁጥር ቀዩ እዚያው ይለወጣል፤ ብሩሽ የለ፣ ሁለተኛ እጅ የለ።

«መድረቁ አይጠበቅም?» አለ ባሏ በሹክሹክታ። አይጠበቅም ስትለው ወንበሯን ወሰደባት።

አሥራ አራተኛው ቀይ ላይ እንዳሉ ሥራ አስኪያጁ ገቡ። በእውነተኛው ሰርቨር ፊት ኖራ የነካው ቱታ የለበሰ ሰው ተቀምጧል። እትዬ መትረየስ ስክሪኑን በሰውነቷ ልትከልል ሞከረች። ባሏ ግን ተነስቶ እጅ ነሳና ስለ ግድግዳውና ስለ በሩ ለእሳቸውም አስረዳ። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፤ «እውነተኛው» ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«የጣቢያዎቹ ማሽኖችም እንዲህ ይሁኑ» አሉ። «እያንዳንዱ የየራሱ ቀለም ይኑረው።»

እሑድን ባልና ሚስት ዘጠኝ ቀለም ሲመርጡ ዋሉ። ስምንቱ ላይ ተስማሙ። ለአምስተኛው ጣቢያ እሱ ቡኒ አለ፣ እሷ ወይን ጠጅ፤ ሳምንቱን ሙሉ ተኳረፉበት። በመጨረሻ ያንን ማሽን የምታዘው የጣቢያው ሠራተኛ ትወስን ተባለና እትዬ መትረየስ ደወለችላት። ሴትዮዋ ሳታመነታ ሮዝ አለች።

ስልኩ ሲዘጋ ባልና ሚስቱ ተያዩ። ሮዝ! ባለሙያ ሳያማክሩ እንዲህ ነው ብለው፣ አንድ ሆነው፣ ሴትዮዋን ሲያሟት አመሹ።