የማጆዚ ጋሪና የአማቱ ጫማ

ቤኩሙዚ ማጆዚ የአማቱን ፊት አይቶ አያውቅም ነበር። በእነሱ አገር፣ ከባሕሩ ርቆ በምሲንጋ ኮረብቶች መካከል፣ ሊያገባ የቆረጠ ወንድ የልጅቱን እናት ዓይን ለዓይን አያይም። በፊታቸው አይበላም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ራቁት ደረቱን አያሳይም። እሳቸውም መንገድ ላይ ድንገት ቢያገኙት ሻርፓቸውን ግንባራቸው ላይ ጎትተው ወደ ቁጥቋጦው ይታጠፋሉ። የጥሎሹ ከብት የገባ ዕለት ቤኩሙዚ ከበረቱ አጥር ሥር አንገቱን ደፍቶ እንደቆመ ሁለት እግሮች በአጠገቡ አለፉ። በቀኙ አውራ ጣት ላይ መጥረቢያ ስቶ የተወው ጠባሳ ነበረ፣ እንደ አዲስ ጨረቃ የቀጠነ። ከአማቱ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። እሱንም በማየቱ ብዙ ወራት ተሳቆበት ኖሯል።

ወደ ባሕር ዳሯ ከተማ ደርባን ሲወርድ ግን ሌላ ሰው ነው። አባቱ ይጎትቱት የነበረውን ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ እሱም በባሕሩ ዳር ይጎትታል። ራሱ ላይ የበሬ ቀንድ ይደፋል፣ ቀንዱ ላይ ዶቃና ላባ ይደረደራል፣ ፊቱና እግሩ ነጭ ቀለም ይቀባል፣ ደረቱ ፀሐይ የሚጫወትበት ሜዳ ነው። ለሙሽራይቱ ቤተሰብ «ልጁ ደርባን ትራንስፖርት ላይ ይሠራል» ተብሏል። ውሸት አልነበረም። አባትየው ሚኒባስ መስሏቸው ደስ ሲላቸው ግን ያረማቸው ሰው የለም።

ቤኩሙዚ ሥራውን ይወዳል። ባሕሩ ከግራው እያንጎራጎረ፣ ነፋሱ ዶቃውን እያንሿሿ ሲሮጥ ዘፈን ሳይፈልገው ይመጣለታል።

ባሕሩ ሲነሣ፣ ነፋሱ ሲነፍስ፣
በእኔ ጋሪ ሂዱ፣ ልባችሁ ይመለስ።

የታኅሣሥ ዕረፍት ነበረ። ከደጋው የመጡ አውቶቡሶች የቤተ ክርስቲያን ሴቶችን አራግፈዋል። ሁሉም ባዶ ጠርሙስ ይዘዋል፣ ለቤታቸው መድኃኒት የሚሆን የባሕር ውሃ ሊቀዱ። ቤኩሙዚ ጋሪውን አስደግፎ ቀንዱን ሲያስተካክል የሙያ ጓደኛው ሻንጌ ከጎኑ ሆኖ ያየዋል።

«ማጆዚ፣ ቀንድህ ጠሟል። ሙሽራ ልሆን ነው ብለህ ነው ራስህ የከበደህ?»

«የኔስ ይጥመም። አንተን ሰው የሚሳፈርህ እኮ አዝኖልህ ነው።»

በዚህ መሐል ሁለት ሴቶች ቀረቡ። አንዷ ሰፊና ሳቂታ ናቸው። ሌላዋ ቀጭን፣ ሻርፓቸው እስከ ቅንድብ የወረደ፣ ጠርሙሳቸውን እንደ ሕፃን ያቀፉ።

«አንተ ቀንዳም፣ ሁለት አሮጊት ትችላለህ?» አሉ ሰፊዋ።

«እርስዎን ከቻልኩ እኮ እማማ፣ እሳቸው ምርቃት ናቸው።»

«ሰማሽው? በጨዋ አፍ ወፍራም ነሽ አለኝ።»

«እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ማምቤሌ» አሉ ቀጭኗ። «ውሃዬን ልቅዳና ወደ አውቶቡሱ ልመለስ።»

«ኤዲያ! ዓሣውን በመስታወት አየሽ፣ የሕንዶቹን ወጥ በዳቦ በላሽ። ይሄን ሳትወጪበት አገር ገብተሽ ምን ልታወሪ ነው?»

ወጡ። ቤኩሙዚ የጋሪውን መጎተቻ ዘንጎች አንሥቶ ቀስ እያለ ጀመረ። በማዕበል ላይ ቆመው የሚንሸራተቱትን ወጣቶች አሳያቸው፤ ወደ ባሕሩ የገባውን ረጅም ድልድይና ዳር ዳሩን የቆሙትን ዓሣ አጥማጆች አሳያቸው። ሰዎች ከአሸዋ የሠሩት አንበሳ ጋ ሲደርስ በእግሩ ጣቶች ጫፍ መራመድ ጀመረ።

«ዝም እንበል እናቶቼ። ቁርሱን አልበላም፤ ከነቃ መጀመሪያ የሚያየው ማምቤሌን ነው።»

ማምቤሌ ጮኸው ሳቁ። ከጎናቸው ግን ሌላ ሳቅ ተሰማ። ትንሽ፣ የታፈነ፣ ብዙ ዘመን ሣጥን ውስጥ ታጥፎ እንደኖረ ልብስ ያለ ሳቅ። የቤኩሙዚን ልብ ነካው። በቀን ስንት ሳቅ ይሰማል፣ እንዲህ ያለ ግን ሰምቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ደግሞ ልስማው አለ በልቡ። ጥፋቱ ይኸው ነው፣ ሌላ የለም።

ሮጠ። ፉጨቱን ለቀቀው፣ ዘንጎቹን በብብቱ ያዘና ወደ ላይ ዘለለ። ጋሪው ወደ ኋላ ተጋደመ። እሱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ነጫጭ እግሮቹን እያወናጨፈ ወደ ሰማይ ዘፈነ። ከኋላው ቀሚስ ተርገበገበ፣ ሻርፕ በረረ፣ አንድ ጥቁር ጫማ ከራሱ በላይ አልፎ አሸዋው ላይ ወደቀ። መንገደኛው አጨበጨበ።

ጋሪውን መልሶ ሲያቆም ማምቤሌ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ቤኩሙዚ ጫማውን አንሥቶ አራገፈና፣ ለአገር ጎብኚ ሁሉ እንደሚያደርገው በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ሊያጠልቅላቸው የቀጭኗን እግር ያዘ።

አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ ነበረ። እንደ አዲስ ጨረቃ የቀጠነ።

«ኧረ ሻርፕሽን ያዢ» አሉ ማምቤሌ ከላይ፣ «ሰው ሁሉ ጸጉርሽን አየው፣ የባጃቡሊሌ እናት!»

ባጃቡሊሌ። በየማታው በስልክ የሚያንሾካሹከው የእጮኛው ስም። እጁን ያቃጠለው ይመስል እግራቸውን ለቀቀ። ጫማው ወደቀ። ተነሥቶ ዞረና በዘንጎቹ መካከል ጀርባውን ሰጥቶ ቁጢጥ አለ። ደረቱ ራቁት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቀው። ስንት ዓመት ነፋስና ፀሐይ የኖሩበት ደረት አሁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ በሁለት እጁ አቀፈው፣ አልበቃም።

«ምን ነካው? ንብ ነደፈችው እንዴ?» አሉ ማምቤሌ።

ዝም ቢል ማን ያውቀዋል? ፊቱ ቀለም ነው፣ ራሱ ቀንድ ነው። ጎትቶ ያደርሳቸዋል፣ ይለያያሉ። ግን ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን ከግድግዳ ማዶ ድምፁን ይሰማሉ። ያን ጊዜ አውቆ እንደደበቃቸው ያውቃሉ፤ ልጃቸውንም ለእንዲህ ያለ ሰው እንደሰጡ። አሁን ቢናገርም ከብቶቹ ተመልሰው ይነዱ ይሆናል፣ ባጃቡሊሌም አብራ ትቀር ይሆናል።

«ማምቤሌ» አለ ፊቱን ሳያዞር፣ ድምፁ ከጎማው ሥር የሚወጣ ያህል ዝቅ ብሎ፣ «ለእናታችን ይንገሩልኝ። እኔ የማጆዚ ልጅ ነኝ። በባጃቡሊሌ ደጅ ከብት ያስገባሁት እኔ ነኝ። አላወቅኋቸውም።»

ባሕሩ ብቻ ይመጣል፣ ይሄዳል። ማምቤሌ ፎጣቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ የማዞንዲ ድምፅ፣ የአማቱ ድምፅ፣ መጣ። ለእሱ አልነበረም።

«ማምቤሌ፣ ትራንስፖርት የተባለው ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው መሰለኝ።»

«አውርጂኝ።»

በወዲያኛው በኩል ወረዱ። ቤኩሙዚ ጫማውን በክንዱ ጫፍ ገፍቶ ከጎማው አጠገብ አደረገና ራቅ ብሎ ዞሮ ቆመ። ሻንጌ ነገሩን ባያውቅም የጓደኛውን ትከሻ አይቶ መቀለዱን ተወ።

ማዞንዲ ጠርሙሳቸውን ይዘው ወደ ውሃው ሄዱ። ማዕበሉ ሲመጣ ሸሹ፣ ሲመለስ ተከተሉ፣ እንደገና ሸሹ። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ራሰ፤ ጠርሙሱ ግን የያዘው አሸዋና አረፋ ነበር። ከላይ አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ።

«ማምቤሌ» አሉ ጮክ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አድርገው፣ «የዳሩ ውሃ ሰው የረገጠው ነው። ደረቱን ለሚያመው ባሌ ይሄን ይዤለት አልገባም። ከአረፋው ማዶ ያለውን የሚቀዳ፣ ባሕር የለመደ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር።»

«እዚያ አለ እኮ፣ ቀንድ ያለው።»

«እኔ ማንንም አላየሁም። ጠርሙሱን እዚህ አስቀምጬዋለሁ።»

ቤኩሙዚ መጣ፣ መሬት መሬት እያየ። ጠርሙሱን አነሣ። ቀንዱን ሳያወልቅ፣ ላባውን ሳያስብ ገባ። የመጀመሪያው ሞገድ ጉልበቱን፣ ሁለተኛው ወገቡን መታው። ከአረፋው ማዶ ሲደርስ ውሃው ደረቱን ሸፈነለት። ከዚያ መውጣት አልፈለገም። የእግሩ ቀለም ተሟሟ፣ ዶቃው ተንሳፈፈ፣ በአፉ ሳይሆን በአንጀቱ አንጎራጎረ።

ባሕር ሆይ ጥልቅ ነህ፣ ስንቱን ትሸሽጋለህ፤
የኔን ኀፍረት ብጥል መልሰህ ታመጣለህ።

ጠርሙሱን ሞልቶ ሲወጣ ሻንጌ ሸሚዙን ወረወረለት። እርጥብ ገላው ላይ አጠለቀው፣ እስከ አንገቱ ቆለፈው። ጠርሙሱን አሸዋው ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሸሸ።

ማዞንዲ አነሡት። ለፀሐዩ አሳዩት፣ ንጹሕ ነበር።

«ማምቤሌ፣ አገር ስንገባ የምታወሪው ነገር አለሽ?»

«ምን አይቼ?»

«እኔስ ቀንዳም ነገር ጋሪ ሲጎትት አየሁ። የልጄን እጮኛ አላየሁም። እሱ ሲመጣ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፍየል ይዞ ይመጣል። ያላየነውን ከዓይናችን የምታጥብ የካሣ ፍየል።»

ማታ ባጃቡሊሌ ደወለች። «እናቴ ባሕሩ ደስ ይላል አለች። ጋሪ ግን እንዳትሳፈሩ አለችን።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም። ምን ነበር?»

ባሕሩ በመስኮቱ ይሰማ ነበር። «ምንም» አለ።

ፍየሏን ወሰደ፣ ሠርጉም ሆነ። አማቱ ዛሬም በሚያልፍበት ሻርፓቸውን ይጎትታሉ፣ እሱም አንገቱን ይደፋል፣ ሁሉ ነገር እንደ ወጉ ነው። አንዳንዴ በሚስቱ ወላጆች ቤት ሲቀመጥ ከግድግዳው ማዶ ሴቶች ያወራሉ፤ ሁሉም ይስቃሉ። ያችን ትንሽ፣ የታፈነች ሳቅ በጆሮው ይፈልጋታል። እሱ መኖሩ ሲታወቅ ሳቋ ትቆማለች። ያን ጊዜ ሸሚዙን ወደ ላይ ይቆልፋል።

ጋሪውን አልተወም። ግን ጸጉሯ የሸበተ ሴት ከተሳፈረችበት፣ ከየትም አገር ትምጣ፣ ከመዝለሉ በፊት ዘንጎቹን ያወርድና ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ይጠይቃል።

«እናቴ፣ የማን ልጅ ነዎት?»

አገር ጎብኚዎቹ የትርዒቱ ክፍል ይመስላቸዋል። ይስቃሉ፣ ይመልሱለታል፤ አባቴ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፣ አያቴ ከእንዲህ ያለ ወንዝ ዳር ነው እያሉ። እሱ አይስቅም። እስከ መጨረሻው ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ዘመድ አለመሆናቸውን ሲያረጋግጥ «ጫማዎን ይያዙ» ይላል። ከዚያ ይዘላል፣ ከድሮው ዝቅ አድርጎ።