አክስቴ የነቀሏት ዋግምት

ወገቤ ላይ የምለጥፋትን ዕቃ እንቃታለሁ። የግማሽ እንቁላል ታህል ነጭ ፕላስቲክ ናት። ሆዷን ኢንሱሊን እሞላታለሁ፤ ቆዳዬ ላይ ትለጠፍና እንደ ፀጉር የቀጠነች መርፌዋን ትሰካብኛለች፤ ከዚያ ኪሴ ውስጥ ካለው መቆጣጠሪያ እየታዘዘች ቀን ከሌት መድኃኒት ታንጠባጥባለች። የሚልክልኝ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ነው። የመጀመሪያዋን የላከ ጊዜ ደውሎ፣ ‹‹ከእንግዲህ ነፃ ወጣሽ፤ ያንን ሲሪንጅ ጣይው›› አለኝ። ነፃነት እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።

ትጮኻለችና። ኢንሱሊኗ ሲያንስ ትጮኻለች፤ የምትሠራበት ሦስት ቀን ሊሞላ ሲል ትጮኻለች፤ አንዳንዴ ምን እንደሆነች እሷም ሳታውቀው ትጮኻለች። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ ስትጀምር ተማሪዎቼ፣ ‹‹ቲቸር፣ ስልክ ክልክል ነው›› ይሉኛል። አንድ እሑድ ደግሞ ቅዳሴ ላይ፣ ሕዝቡ ሁሉ ፀጥ ባለበት ሰዓት ለቀቀችው። አጠገቤ የቆሙ እናት፣ ‹‹ዝም አስብያት እንጅ!›› ብለው ገላመጡኝ። እንደ ሕፃን ጡት ሰጥቼ ዝም አላሰኛት ነገር፤ ወጥቼ ሄድሁ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ ደግሞ የሒሳብ መምህሩ፣ ‹‹ስኳር ስለምትወጅ እኮ ነው የያዘሽ›› ይለኛል፤ እሱ ራሱ ሻዩን ከግማሽ በላይ በስኳር ሞልቶ እያማሰለ። እሱንም እንቀዋለሁ።

ያም ሆኖ ተሸክሜያት እዞራለሁ። የእኔ ሰውነት ኢንሱሊን አይሠራም፤ ከተቋረጠብኝ በአንድ ቀን ውስጥ የምወድቅ ሰው ነኝ። ንቀቴም እስከዚያ ድረስ ነው።

አምና ከቡሬ ወጣ ብሎ ገጠር የሚኖሩት የአባቴ እኅት ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ጠሩኝ። ቡሬ ድረስ በሚኒባስ ተጨናንቄ፣ የቀረውን በእግሬ ኳትኜ ደረስሁ። ሰው ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም ነበር። ትንሽ ጋደም ልበል ብዬ መደቡ ላይ በደረቴ ተደፋሁ፤ እንቅልፍ ድርግም አድርጎ ወሰደኝ።

ስነቃ ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ተጣጥቤ፣ ነጠላዬን ደርቤ ተቀመጥሁ። አክስቴ ጉርሻ ይዘው ከፊቴ ቆሙ።

‹‹በሞቴ፣ ይችን ብቻ።››

‹‹እትዬ፣ በቃኝ፤ ሐኪም…››

‹‹ሐኪሙ በሞቴ ብሎሻል? ጉረሽ!››

በሰው ሞት ተለምኖ እንቢ የሚል የለም። ጎረስሁ። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ። እኔም በነጠላዬ ውስጥ መቆጣጠሪያውን አውጥቼ ለበላሁት የሚመጥን ኢንሱሊን አዘዝሁ። ዕቃዋ በትሕትና ጢጥ አለች። ‹‹ተሰጥቷል›› የሚል ጽሑፍ መጣ።

ከሰዓት በኋላ አፌ ደረቀ። አንድ ጣሳ ውኃ ጠጣሁ፣ ደገምሁ፣ አልረካሁም። ጣቴን ወግቼ ስኳሬን ስለካ መለኪያው ቁጥር መጥራት አቅቶት ‹‹ከፍተኛ›› ብቻ አለ። እንደገና አዘዝሁ። ጢጥ፣ ተሰጥቷል። ጥቂት ቆይቼ አሁንም አዘዝሁ። ጢጥ፣ ተሰጥቷል። ፈራሁ። መድኃኒቱ ገብቶ ካልሠራ ሌላ ምን አለኝ? ትንፋሼ እየከበደኝ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልሁ።

ያን ጊዜ ነው የሸተተኝ። ኢንሱሊን የራሱ ሽታ አለው፤ አዲስ የተገነጠለ ፕላስተር ይሸታል። ሽታው የሚመጣው ከነጠላዬ ጫፍ ነበር። ጫፉ ተቋጥሯል፤ ቋጠሮው ርሷል። ስፈታው እሷ ናት፤ መርፌዋን አውጥታ፣ ጨርቁን መድኃኒት እያጠጣች። ወገቤን ስዳስስ ባዶ ነው፤ የነካው እጄ ቅቤ በቅቤ ሆነ።

‹‹እትዬ! ይችን ማን ነው የነቀላት?››

‹‹እኔ ነኝ የነቀልሁልሽ›› አሉ አክስቴ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብለው። ‹‹ስትተኝ ሸሚዝሽ ተገልጦ አየኋት። ምን ዓይነቱ ግዴለሽ ነው ዋግምቱን ጀርባሽ ላይ ረስቶ የሰደደሽ? ዋግምት እኮ ደሙን ከመጠጠ ወዲያ አይቆይም፤ ሰው ያደርቃል። እንዳያምሽ በለጋ ቅቤ አርሸ፣ ቀስ አድርጌ አነሣኋት። የሰው ዕቃ ነው፣ ባለቤቱ ይፈልጋታል ብዬ ነጠላሽ ላይ ቋጠርሁልሽ።››

በእኛ አገር ወገቡን ያመመው ሰው ቀንድ ይለጠፍበትና መጥፎ ደሙ ይመጠጣል። አክስቴ ቆዳ ላይ ተጣብቆ የሚቀመጥ ሌላ ነገር አያውቁም። በእሳቸው መናደድ አልቻልሁም። የተናደድሁት በእሷ ነው። ቅዳሴ መሐል በከንቱ የምትጮኸዋ ጉድ ከሥጋዬ ተነቅላ ጨርቅ ውስጥ ስትታሰር ትንፍሽ አላለችም። እኔ ልሞት ደርሼ እሷ ነጠላዬን ታክማለች፤ ‹‹ተሰጥቷል›› ትለኛለች። አንዴ ከተነቀለች መልሳ አትለጠፍም፤ ቆጥቤ ስለምጠቀም ደግሞ ሌላ ትርፍ አልያዝሁም ነበር።

ቦርሳዬን ዘረገፍሁት። የኢንሱሊኑ ብልቃጥ በርጥብ ጨርቅ እንደተጠቀለለ አለ። ከሥሩ፣ ከማበጠሪያዬ ጋር ተጣብቃ፣ ወንድሜ ጣይው ካለኝ ሲሪንጅ አንዲት ከነማሸጊያዋ ተገኘች። ልስማት ምንም አልቀረኝም። ቀድቼ ሆዴን ወጋሁ። ሸሚዜን ከፍ አድርገው የያዙልኝ አክስቴ ናቸው።

‹‹ምን ነበረች እሷ ዕቃ?›› አሉኝ፣ ድምፃቸው አንሶ።

‹‹መድኃኒቴ ናት፣ እትዬ። እሷ ካልሰጠችኝ እሞታለሁ።››

አክስቴ ፊታቸው ጠቆረ። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። በሞቴ እያሉ ያጎረሱኝ ሁሉ ትዝ ያላቸው ይመስለኛል። መሸት ሲል ጥማቴ እስኪቀንስ ድረስ ከአጠገቤ አልተነሡም፤ እንግዶቹን የሸኙት ሌሎች ናቸው።

በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ተመልሼ አዲሷን ለጠፍሁ። ጢጥ ብላ፣ ሁሉም ደኅና ነው አለችኝ። አላመንኋትም፤ እስከ ዛሬም አላምናትም። አሁን ገጠር ስሄድ አክስቴ በር ላይ አቅፈው ይስሙኝና፣ እጃቸውን በጀርባዬ ቁልቁል ሰደድ አድርገው ወገቤ ላይ በልብሴ ላይ ይዳስሷታል። መኖሯን ሳያረጋግጡ አይለቁኝም።

‹‹አለች፣ ያች ከይሲ?››

‹‹አለች፣ እትዬ።››

‹‹በይ ግቢ›› ይሉኛል፤ ከዚያ ወዲህ በሞቴ ብለውኝ አያውቁም።