አሥራ ሁለት ምላጭ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለችው ትንሽ ቢሮዬ ለሐበሻው ፎርም ስሞላ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። የግሪን ካርድ፣ የጡረታ፣ የፓስፖርት እድሳት፣ የማልሞላው የለም። ከሁሉም ግን አልረሳ ያለኝ የጋሼ አበራ ፎርም ነው። በአንድ ወረቀት ያን ያህል ደንግጬም፣ ያን ያህል ስቄም አላውቅም።

ጋሼ አበራ ሃውቶርን ውስጥ የአውሮፕላን ዕቃ በሚሠራ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ማሽን ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት መጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሰብለ፣ ከጣሊያን የጠመንጃ ምላጭ ላስመጣ ነው። ፎርሙን ሙይልኝ።»

በሩ አጠገብ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ዞር ብለው አዩን።

«ጋሼ፣ ኧረ ቀስ ብለው ይናገሩ!» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። ጠመንጃው የእሳቸው አይደለም፤ የፍራንክ ነው። ፍራንክ ጋሼ ፋብሪካ የገቡ ጊዜ ማሽኑን ያስተማራቸው አሜሪካዊ ወዳጃቸው ነው። ከአባቱ የወረሰው ባለሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ አለው፤ ምላጩ ተሰብሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ ቆይቷል። አሁን ፍራንክ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። ዓይኑ እየደከመ ነው። ሐኪሙም ከዓመት በኋላ ብዙ እንደማያይ ነግሮታል።

«ጨርሶ ሳይጨልምብኝ አንድ ቀን በአባቴ ጠመንጃ መተኮስ እፈልጋለሁ አለኝ» አሉ ጋሼ። «ድሮ ቢሆን ምላጩን እኔው እሠራለት ነበር። አሁን እጄ ይንቀጠቀጣል።»

ጠመንጃውን የሠሩት ጣሊያኖች ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው፤ ምላጩም አላቸው። ግን የአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ ሳይደርሰን አንልክም ብለዋቸዋል። ዕቃውን የሚያስመጡት እሳቸው ስለሆኑ ፎርሙም በእሳቸው ስም ነው።

ሌላ ሰው ጋ ይሂዱ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ፊታቸውን ሳየው ተውኩት።

«ኦኬ ጋሼ፣ እንሞክረው» አልኩ።

ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀብን። የማላውቀው ቃል በዝቶብኝ አንዳንዷን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ስልክ የሚለው ላይ የቢሮዬን ቁጥር ጻፍኩና ላክነው።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ስልክ ተደወለ። ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። ሰውዬው ድምፁ ረጋ ያለ ነው።

«አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆንልኝ ነው» አለ። «ሚስተር አበራ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አሥራ ሁለት ምላጭ ምን ያደርግላቸዋል?»

ቅጂውን ከፋይሉ አውጥቼ አየሁት። የጠመንጃው የአፈሙዝ ስፋት በቁጥር ሲጠራ አሥራ ሁለት ነው። ለእሱ የተሠራ ሣጥን አለ፤ አጠገቡ ደግሞ ብዛት የሚል ሌላ ሣጥን አለ። እኔ አሥራ ሁለቱን ብዛት የሚለው ውስጥ አስገብቼዋለሁ!

«መልሼ ልደውልልዎት?» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እዚያው ተቀምጬ ስንቱን አሰብኩ። ሽማግሌውን መሣሪያ ነጋዴ አድርጌያቸው፣ ፖሊስ ቤታቸው ሄዶ፣ ልጆቻቸው ምን ይሉኛል? ቢሮውን ቆልፌ በቀጥታ ቤታቸው ድራይቭ አደረግኩ።

ጋሼ ደጃፋቸው ላይ አትክልት ያጠጣሉ። ጥፋቴን ስነግራቸው ቱቦውን እንደያዙ ቆሙ፤ ጫማቸው በውኃ እስኪርስ ሳቁ።

«ደውይለት» አሉ። «እኔ አናግረዋለሁ።»

ደውዬ ድምፁን ለሁለታችን እንዲሰማ አደረግኩት። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በዚያ በፋብሪካ እንግሊዝኛቸው ጀመሩ።

«ሰማህ ወይ ጌታዬ፣ ጠመንጃው አንድ ነው። ጓደኛዬ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። አንዷን ምላጭ ከሳበልኝ እኔ ደስታዬ ነው፤ አሥራ አንዱን ማን ይስበዋል?»

ሰውዬው ሳቁን ለቀቀው። ፎርሙን ሊመልስብን ይችል ነበር፤ ያኔ እንደገና ከመጀመሪያ መሰለፍ ነው። እሱ ግን የትኛውን ሣጥን እንደማርም አንድ በአንድ ነገረኝ፤ ዛሬውኑ ላኪልኝ፣ ወረፋችሁን አታጡም አለኝ።

ፈቃዱ መጣ። ዕቃው ሲደርስ ጋሼን ይዤ ዌስትቼስተር፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወዳለው የካርጎ መጋዘን ሄድኩ። ወረቀቱን አመሳከሩና አንዲት ትንሽ ካርቶን ሰጡን። ጋሼ እስከ መኪናው እንኳን መታገሥ አልቻሉም፤ ፓርኪንጉ መሃል ቆመው ከፈቷት። በጣሊያንኛ ጋዜጣ የተጠቀለለች፣ ከጣቴ የማትበልጥ ቆልመም ያለች ብረት ናት።

«ይቺ ናት?» አልኩ።

«ይቺ ናት» አሉ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ጠመንጃ የሚጠግን ባለሙያ ከገጠማት በኋላ ከከተማ ወጣ ብሎ ተራራ ሥር ወዳለ የተኩስ ሜዳ ጋሼና ፍራንክ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ፍራንክ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። እዚያ ወደ ሰማይ የሚወረወር የሸክላ ሳህን አለ፤ የሚተኮሰው እሱ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሳተ። ሁለተኛውንም ሳተ። ጋሼ ከኋላው ቆመው «ግራ! ትንሽ ወደ ግራ!» ይላሉ፤ ሳህኑን የሚያዩለት እሳቸው ናቸው። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላስታውስም፣ ሳህኑ ሰማይ ላይ ብትን አለ።

«አበራ፣ መታሁት?» አለ ፍራንክ።

«ዱቄት አደረግከው!» አሉት።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ሲዘሉ እኔ እልል አልኩ። በሜዳው ያለው ፈረንጅ ሁሉ ምን መጣ ብሎ ዞሮ አየኝ፤ ስለዚህ ደገምኩት።

ፍራንክ አሁን ብዙ አያይም፤ ያቺን ቀን ግን አይቷታል። እኔም ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ቢሮ ውስጥ ብቻዬን እስቃለሁ። ከሳቁ ቀጥሎ የሚመጣብኝ ያ ስልክ የደወለው ሰው ነው። ስሙን በቅጡ አልያዝኩትም፣ መልኩንም አላየሁትም። ወረቀቱን ወደ ጎን ጥሎ ወደሚቀጥለው ማለፍ እየቻለ ስልክ አንስቶ ጠየቀ። ላመሰግነው ፈልጌ የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ከላይ እስከ ታች አሰስኩት። ለአቤቱታ የሚሞላ አለ፣ ለይግባኝ የሚሞላ አለ። ለምስጋና የሚሞላ ፎርም ስላጣሁ ይህንን ጻፍኩ።