የፈጠነው ፕሮሰሰርና የመምህሬ መዝገብ

ዲላ ውስጥ፣ ከአባቴ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጋር በአንድ ግድግዳ በምትዋሰን ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀድሞ የባዮሎጂ መምህሬ ከጨለለቅቱ በሞተር መጡ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ አሮጌ ኮምፒውተር አቅፈው ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ሞተብኝ» አሉኝ። «ውስጡ ያለው ግን የሞተ አይመስለኝም። እስቲ እየው።»

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ አንዳንዴ እንደ ወንድ ያናግሩኛል። ከክፍል ጀምሮ ለምጄዋለሁ።

ውስጡ ያለው የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነበር። ማስተማር ከጀመሩበት ጊዜ አንስቶ በየመንደሩ እየዞሩ የእንሰቱን፣ የቡናውን፣ የጥላ ዛፉን ስም በጌዴኦኛ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ስሙን ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያደርግና ማን እንደነገራቸውም ይጽፋሉ። የመመዝገቢያውን ፕሮግራም በገዛ እጁ የጻፈላቸው አብሯቸው ያስተምር የነበረ የሒሳብ መምህር ነው። እሱ አርፏል። መጀመሪያ በእጃቸው የጻፉባቸውን ደብተሮች ደግሞ ምስጥ በልቷቸዋል።

የኮምፒውተሩ ቦርድ ተቃጥሏል፤ ሃርድ ዲስኩ ግን ይሠራል። ሁሉንም ቀዳሁት። ፕሮግራሙ ዛሬ ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ ስለማይከፈት ቨርቹዋል ማሽን አዘጋጀሁለት፤ ማለትም በእኔ ላፕቶፕ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ፈጠርኩና የድሮውን ሲስተም ጫንኩበት። ሲስተሙ ያለምንም ችግር ተነሣ። መምህሬ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። ፕሮግራሙን ስከፍተው ግን ስክሪኑ ጠቆረና አንዲት መስመር ጽፎ ወደቀ። ደግሜ ሞከርኩ። በሦስተኛው ሙከራ ቨርቹዋል ማሽኑን ራሱን ይዞት ወደቀ።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«ለዜሮ አካፍሏል ነው የሚለው፣ መምህር።»

የተጻፈችውን መስመር በጣታቸው ተከተሏት። ከዚያ «እኔ ሒሳብ አላስተማርኩም» አሉ። «እሱ ግን ለዜሮ የሚያካፍል ሰው አልነበረም።»

ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ዜሮ ፈለግኩት። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ እንደገና ቀዳሁ። ሜሞሪ ጨመርኩ፣ ቀነስኩ። ለቨርቹዋል ማሽኑ አራት ፕሮሰሰር ሰጥቼው ስለነበር ወደ አንድ አወረድኩት። ያው ነው። መምህሬ በየቀኑ ይደውላሉ፤ ስለ ኮምፒውተሩ ግን አይጠይቁም። ስለ ዝናቡ አውርተው፣ ጤንነቴን ጠይቀው ይዘጋሉ።

በአራተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ፣ የአንድ ተማሪ ትልልቅ ፋይሎችን እየቀዳና ቫይረስ እያሰሰ ሳለ፣ ስልችት ብሎኝ ፕሮግራሙን ነካሁት። ተከፈተ! አረንጓዴ ጽሑፍ ስክሪኑን ሞላው። ጮኼ አባቴን ጠራሁት፤ እሱ እስኪመጣ ግን በደስታ ብዛት ዘግቼው ነበር። መብራት መጣ፣ አባቴም መጣ፣ እንደገና ስከፍተው ወደቀ።

አባቴ ስክሪኑን አይቶ «ቅድም ምን ነበር የተለየው?» አለኝ።

«ምንም። እንዲያውም ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት ደክሞ ነበር» አልኩና ቀሪው ቃል አፌ ላይ ቀረ።

ደክሞ ነበር! ያን ዕለት ቁጭ ብዬ ስለ ድሮ ፕሮግራሞች ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። እነዚያ ፕሮግራሞች ትንሽ ቆም ማለት ሲፈልጉ ባዶ ቁጥር እየቆጠሩ ነው የሚቆዩት። ስለዚህ ገና ሲከፈቱ ፕሮሰሰሩን ይለኩታል፤ የኮምፒውተሩ የውስጥ ሰዓት አንድ ምት እስኪያልፍ ስንት ድረስ መቁጠር ይችላል? ከዚያ የተቆጠረውን ለአንድ የተወሰነ ቁጥር አካፍለው መልሱን ጠባብ ቦታ ላይ ያስቀምጡታል። የእኔ ላፕቶፕ በዚያች ምት የሚቆጥረው ከመብዛቱ የተነሣ መልሱ ቦታው ላይ አይገባም፤ ደክሞ በነበረ ጊዜ ግን ቁጥሩ ስላነሰ ገብቶ ነበር። ፕሮሰሰር ደግሞ የማካፈል መልስ አልገባ ሲለው የሚያሰማው ጩኸት ለዜሮ ሲያካፍል ከሚያሰማው ጋር አንድ ነው። ዜሮ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ ባዶ ስፈልግ የቆየሁት ቁጥሩ ከልክ በላይ በዝቶ ነው።

እጄን ላፕቶፑ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ሙቀቱ ይሰማኛል። በየቀኑ እከፍተዋለሁ፣ አቧራውን እጠርጋለሁ፤ ምን ያህል እንደሚሮጥ ግን ያን ዕለት ገና ገባኝ።

ፕሮሰሰሩን እንዳለ ለፕሮግራሙ ማሳየቱን ተውኩ። በምትኩ አሮጌና ዝግተኛ ፕሮሰሰር በሶፍትዌር የሚያስመስል ሌላ ቨርቹዋል ማሽን ሠራሁና ፍጥነቱን ዝቅ አደረግኩት። አሥር ጊዜ ከፈትኩ፤ አሥሩንም ጊዜ ተከፈተ። ከዚያ መምህሬን ጠራኋቸው።

ነገሩን ሳስረዳቸው «የእሱ ስህተት ነው?» አሉኝ ቀድመው።

«አይደለም። ፍጥነቱን የሚለካው ክፍል ፕሮግራሙን ከጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ ጋር ተዘጋጅቶ የመጣ ነው። ያንን የሠሩት ሰዎች እንዲህ የሚፈጥን ማሽን ይመጣል ብለው አላሰቡም።»

«ማን ያስባል» አሉ ቀስ ብለው።

ፕሮግራሙን ከፈትኩት። ገና ከመጀመሪያው በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ወጣ፦ «ወንድሜ፣ ዛሬ ምን አገኘህ?» መምህሬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚለኝ» አሉ። «ከመንገድ ስመጣ፣ በር ላይ።»

ከዚያ በሁለት ጣታቸው ፊደሉን እየፈለጉ የአንድ እንሰት ስም ጻፉ፤ መዝገቡ ወጣ። ለተሰበረ አጥንት የሚበላ ዓይነት ነው። የነገሯቸው ሬኮ በምትባል መንደር የነበሩ አንዲት እናት ናቸው፤ እሳቸውም አርፈዋል። ከሥሩ የእናትየው ቃል ቃል በቃል ተጽፏል፤ መምህሬ ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡልኝ፦ «ጓሮዬ የነበረው አንድ ብቻ ነው። የጎረቤቴ ባል ከዛፍ የወደቀ ጊዜ ቆርጬ ሰጠሁ።»

«ይህን መጻፌን ረስቼዋለሁ» አሉኝ።  

መዝገቡን በሙሉ ዛሬ በየትኛውም ኮምፒውተር ወደሚከፈት ፋይል ገለበጥኩት፤ አትሜም ሰጠኋቸው። በሳምንቱ አብረን ሬኮ ሄድን። የእናትየው ልጅ፣ ራሷ አሁን ሽበት የጣለባት ሴት፣ ደጃፏ ላይ ቆማ አዳመጠቻቸው። መምህሬ በጌዴኦኛ ሲያነቡ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ሲጨርሱ እንደገና እንዲያነቡላት ጠየቀች። ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰደችን። ከቡናው ጥላ ሥር፣ እኔ ከሌሎቹ የማልለያቸው አምስት እንሰቶች ቆመው ነበር፤ እሷ ግን ከሩቅ በጣቷ ለየቻቸው፤ እናቷ ከቆረጡት ጉቶ የበቀሉ ናቸው። መምህሬ ቅጠሉን ከሥር እስከ ጫፉ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ሴትዮዋ አንዲት ችግኝ ነቅላ፣ ሥሯን በአፈሯ እንደሸፈነች ሰጠችኝ። በሞተር እስከ ዲላ ጭኔ ላይ ይዣት መጣሁ። አሁን ከአባቴ ሱቅ ጀርባ ቁመቴን አልፋለች።