በስተግራ የተሠራው ቤት

ዛብሎን ኦጉቱ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከናይሮቢ ወጣ ብሎ፣ ሲዮኪማው ውስጥ፣ ስድስት መኝታ ቤትና አራት መጸዳጃ ባለው ፎቅ ይኖር ነበር። ልጆቹ እየተነሡ ከሄዱ በኋላ ለአራቱ መጸዳጃ የቀሩት ተጠቃሚዎች እሱና ሚስቱ ሪስፓ ብቻ ነበሩ። እሱ ከላይ፣ እሷ ከታች ሆነው በስልክ ነበር የሚነጋገሩት። «ሻይ ፈልቷል፣ ውረድ» ለማለት ካርድ የሚሞሉ ባልና ሚስት!

ሥራው ምን ነበር? በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ የተጋጩ መኪኖችን እየዞረ ማየትና ጥፋቱ ከግራ የመጣው ነው ወይስ ከቀኝ የመጣው እያለ መፍረድ። በዚህ ፍርዱ ብዙ ሰው አስለቅሷል፤ ድርጅቱን ግን አንድም ቀን አላስለቀሰም። ፎቁም የተገኘው ከዚያው ነው።

ታዲያ አንድ ማለዳ ቀለል ያለ ኑሮ አማረው። ከበርቴ እንዲህ ነው፤ ማግበስበሱ ሲደክመው ድህነትን እንደ ሱፍ ልብስ ሊለካው ያምረዋል። «ደረጃ መውጣትና መውረድ ሰለቸን፤ ሁለት ክፍል ይበቃናል፤ ጎመናችንን ተክለን፣ ዶሮ አርብተን እንኖራለን» እያለ በስልክ ሰበከን። እኛ እዚህ በትውልድ አገሩ በኡጌንያ በሁለት ክፍል ጎመን እየበላን ያረጀነው ሰዎች፣ ኑሯችን ለካ ፍልስፍና ኖሯል ብለን ተደነቅን። ፎቁን ሸጠ። በአባቱ መሬት ላይ ባለ ሁለት ክፍል የጡብ ቤት የሚሠራለት ተቋራጭ ቀጠረና ትእዛዙን ሁሉ በስልክ ሰጠ። ተቋራጩ የኪሲ ሰው ነው፤ የእኛን ደንብ አያውቅም። ግራ ሲሉት ግራ፣ ቀኝ ሲሉት ቀኝ የሚሠራ ቅን ሰው ነበር።

ቅዳሜ ቀትር ላይ የጭነት መኪናው ሶፋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ የምግብ ጠረጴዛውን ተሸክሞ ከቅንጭቡ አጥር ፊት ቆመ። ከኋላው ትልቁ ልጁ ፌሊክስ እናትና አባቱን በቤት መኪና ይዞ ደረሰ። የመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ዕቃ ለማውረድ ግን አንድም ሰው እጁን አላነሣም።

ለምን ቢሉ፣ በእኛ ዘንድ ታናሽ ከታላቁ ቀድሞ ጎጆ አይወጣም። የዛብሎን ታላቅ ኤልካና ደግሞ ሰባ ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ እስከ ዛሬም በአባቱ ግቢ መግቢያ፣ በወንደላጤነቱ በቀለሳት ደሳሳ ቤት የሚያድር ሰው ነው። ሚስት የሌለው ሰው ጎጆ አይወጣም፤ ሚስቱ ዶሪና ጥላው ከሄደች ቆየች። ዛብሎን ይህን ሁሉ ያውቃል። አውቆም ዘዴ ፈጠረ፤ «እኔ ጎጆ መውጣቴ አይደለም፤ የጡረታ ማረፊያ ነው» አለ። የነገሩን ስም ሲለውጡ ነገሩ የሚለወጥ የሚመስላቸው የቢሮ ሰዎች!

የፎቁን ቁልፍ ትናንት ለገዢው አስረክቧል። እዚህ ካልገባ ሌላ የሚገባበት የለውም። ደንቡን ጥሶ ከገባ ደግሞ ደጁን የሚረግጥ፣ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት አፈር የሚያለብሰው ሰው አይኖረውም። በሁለቱ መካከል ከነሶፋው ቆሟል።

የአባቱ ወንድም ዩስቶ፣ በሕይወት የቀረው የቤተሰቡ ሽማግሌ፣ ወንበሩን አስወጥቶ ከአጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«ዛብሎን፣ ልጄ፣ ይህ ቤት በየት በኩል ነው የቆመው?» አለው።

«በግራ ነዋ፣ አባባ። የታናሽ ቦታ በግራ አይደል? ደንቡን አክብሬ ነው ያሠራሁት።»

«እሰይ የእኔ ደንብ አክባሪ። እስቲ ወደ እናትህ በር ና።»

የእናቱ ቤት ከፈረሰ ቆይቷል፤ የቀረው የደጁ ድንጋይ ብቻ ነው። ዩስቶ ዛብሎንን ድንጋዩ ላይ አቆመውና ትከሻውን ይዞ ፊቱን ወደ ግቢው መግቢያ አዞረው።

«ቀኝ እጅህን አንሣ።»

ዛብሎን አነሣ። እጁ ቀጥ ብሎ ወደ ጡብ ቤቱ አመለከተ።

ሰውየው ግራ ብሎ ግራ ገባው። ከእናቱ በር ወደ ውጭ የሚቆጠረውን ቀኝና ግራ፣ ከመንገድ ወደ ውስጥ እንደሚገባ ሾፌር ቆጥሮት ኖሯል! ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ግራና ቀኝ ሲዳኝ የኖረ ሊቅ የገዛ ቤቱን በታላቅ ወንድሙ ቦታ ላይ ተከለ።

ኤልካና የሚያኝከውን ሸንኮራ ትፍ አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወንድሜ ለእኔ ነው ለካ የሠራህልኝ! ምነው ብትነግረኝ፣ ቀለሙን እንኳ እመርጥ ነበር!»

«አትሳቅ!» አለ ዛብሎን። «አንተን ስጠብቅ አርጅቻለሁ። ያቺ ጎጆህ አንተ ላይ እስክትወድቅ ልጠብቅ?»

«ማን ጠብቀኝ አለህ? ፎቅህ ላይ ሆነህ ነበር የምትጠብቀኝ። አሁን መሬት ስትወርድ ታላቅ እንዳለህ ታየህ?»

ከሐይቁ በኩል ጥቁር ደመና ተነሣ። የጭነት መኪናው ሾፌር ቀና ብሎ አየና ሲጋራውን ጣለ። «አባቶች፣ ይህ መንገድ ከረጠበ ይቺን መኪና በሬም አያወጣት። ጠብ ሲል ሞተር አስነሣለሁ። ዕቃው ከወረደ ወረደ፤ ካልወረደ ናይሮቢ አብሮኝ ይመለሳል።»

«ናይሮቢ የት?» አለ ፌሊክስ።

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ፣ ቦስ።»

ይሄኔ ዛብሎን ኮቱን አወለቀ፤ መኪናው ላይ ወጣ፤ ፍራሽ ጎትቶ አናቱ ላይ ጫነና ወደ ጡብ ቤቱ መራመድ ጀመረ።

«ዛብሎን» አለ ዩስቶ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ድምፁንም ከፍ ሳያደርግ። «ያን ደፍ ከረገጥክ እኔ ቀብርህ ላይ አልቆምም። አንተም የእኔ ላይ እንዳትመጣ።»

ዛብሎን ከደፉ ፊት ቆመ። አንድ እርምጃ ነው የቀረው። እግሩን አነሣ፤ ያነሣውን እግር የሚያሳርፍበት አጥቶ እንደ ሽመላ በአንድ እግሩ ቀረ።

«የፌሊክስ አባት! አውርደው!» ሪስፓ ናት። ሄዳ ፍራሹን ከአናቱ ላይ ገፍታ ጣለችው። ከዚያ ወደ ኤልካና ዞረች። «ጋሼ ኤልካና፣ ዶሪና የት ናት?»

ኤልካና ሳቁን ዋጠ። «ኡክዋላ ገበያ ዓሣ ትጠብሳለች። እኔን ስትጠብስ ኖራ፣ ዓሣ ይሻላል ብላ ሄደች።»

«ፌሊክስ፣ መኪናውን አስነሣ» አለች ሪስፓ።

መንገድ ላሳይ ብዬ እኔም አብሬ ገባሁ። እንዲህ ያለ ትርዒት በነፃ የት ይገኛል?

ዶሪና ከመጥበሻዋ ፊት ተቀምጣ ነበር። ከኤልካና የወለደችው የበኩር ልጇ ኦጎላ የዓሣ ቅርፊት ይፍቃል። ሪስፓን ስታይ አልተነሣችም።

«የኦጎላ እናት፣ እንደምን ዋልሽ?»

«ደኅና። ሶፋችሁ ዝናብ ሊመታው ነው ሲባል ሰማሁ።» ወሬ ከእኛ መኪና ቀድሞ ደርሷል።

«ልለምንሽ ነው የመጣሁት። ካልተመለስሽ ጋሼ ኤልካና ጎጆ አይወጣም። እሱ ካልወጣ እኛ ማደሪያ የለንም።»

«እህ! ለባሌ ስል ያልተመለስኩትን ለባልሽ ቁም ሣጥን ስል ልመለስ?» ዓሣውን ገለበጠችው፤ ዘይቱ ተንጣጣ። «ጣሪያው ያፈሳል፣ ጠግነው ስለው፣ 'ታናሼ ከናይሮቢ ይልካል' ይለኝ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር 'ታናሼ ይልካል'። ታናሹ ምን ላከ? የግድግዳ ካላንደር! ከኢንሹራንሱ ምልክት ጋር! በባልዲ የዝናብ ውኃ እየቀዳሁ ቀን ልቆጥርበት ነው?»

ካላንደሮቹን በፖስታ የከተተቻቸው ሪስፓ ራሷ ነበረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ዶሪና። «ያ የጡብ ቤት በኤልካና በኩል ነው የቆመው ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው የምገባው እዚያ ነው። ሌላ እንሠራልሻለን፣ ጥቂት ታገሺ ካላችሁኝ ዓሣዬ እንዳያርርብኝ ሂዱልኝ።»

ሪስፓ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። የባሏን ቁጥር አየች። ፌሊክስ «እማ፣ ተይ፣ አባዬን ሳትጠይቂ እንዳታደርጊው!» አለ። እሷ ግን ስልኩን መልሳ ከተተችው። «ብጠይቀው እምቢ ይላል። እምቢ ካለ በኋላ አሳምኜ የምመልስበት ጊዜ የለኝም» አለችና የመኪናውን በር ለዶሪና ከፈተች። «ግቢ።»

ስንመለስ የሾፌሩ ሞተር ይጮኻል። ዶሪና ከነመጥበሻዋና ከነልጇ ስትወርድ ኤልካና ያየውን አላመነም፤ ሸንኮራው ከእጁ ወደቀ። ሪስፓ ባሏን ወደ ጎን ወስዳ በጆሮው ነገረችው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በሹክሹክታ መያዝ አልተቻለም።

«ቤቴን? የጡብ ቤቴን? አንቺ የማንን ቤት ነው የምትሰጪው?»

«በጋሼ ኤልካና ቦታ የቆመውን፣ የእሱኑ ቤት።»

«እኛስ?»

«ስድስት መኝታ ቤት ሸጠህ ሁለት ክፍል ይበቃናል ስትል የሰማሁህ መስሎኝ። በቃ፣ በእኛ በኩል አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ይበቃናል።»

«የጭቃ ቤት ውስጥ? አንቺ? ዝንብ ስታዪ የምትጮኺው?»

«እጮኻለሁ። ግን ሰው ይሰማኛል። አንተ በዚያ ደፍ ብትገባ ብጮኽም ማን ይመጣል?»

ዛብሎን ቤቱን አየ፤ የጭነት መኪናውን አየ፤ ዩስቶን አየ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ራሰ በራው ላይ አረፈች። ሾፌሩ ማርሽ አስገባ። ያኔ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤ ለኤልካና ዘረጋ፤ ፊቱን ግን አዞረ። ኤልካና እንዳይቀልድ ፈራን። አልቀለደም። ሁለት እጁን በሱሪው ጠርጎ በሁለት እጁ ተቀበለ።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለ ፌሊክስ፣ የተማረ መሆኑን ለማሳየት። «ጎጆ በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን ማለቅ አለበት አይደል የሚባለው? ይሄ ወር ፈጅቷል።»

ዩስቶ በጥፊ ሊመታው ደረሰ፤ ከዚያ ግን አሰበ። «በር የሌለው ቤት ቤት አይባልም። በሩን ንቀሉት!» ጎረምሶች ሮጠው በሩን ከማጠፊያው አወለቁ። «አሁን መልሳችሁ ግጠሙት! ይኸው፣ ዛሬ አለቀ!» የትኛው ጠበቃ ነው ከዚህ የተሻለ የሚከራከር?

ጎጆ የሚወጣ ሰው አውራ ዶሮ ታቅፎ፣ የበኩር ልጁን መጥረቢያ፣ ሚስቱን ፍም አስይዞ ነው የሚገባው፤ አውራ ዶሮው ከጎረቤት መጣ። ኤልካና ዶሮውን ታቀፈ፣ ኦጎላ መጥረቢያውን ያዘ፣ ዶሪና በመጥበሻዋ ላይ ፍም ይዛ ተከተለች። ደፉ ላይ ኤልካና ዞር ብሎ «ጣሪያው አያፈስም» አላት።

«ሲዘንብ አይቼ አምንሃለሁ» አለችው። ዘነበም። የጎረምሳው እጅ ያን ጊዜ ተፈታ፤ ዕቃው በአንድ ትንፋሽ ወርዶ በሸራ ተሸፈነ፤ ሾፌሩ እየተሳደበ አመለጠ። ዛብሎንና ሪስፓ የዩስቶ እንግዳ ሆነው አደሩ።

ሰኞ ከእናቱ በር በስተግራ፣ በትክክለኛው ግራ፣ የእነሱን ቤት አቆምን። ፌሊክስ መጥረቢያውን እንደ ማይክሮፎን ይዞ ቀደመ፤ ሪስፓ ፍም ተሸክማ ጣቷን አቃጠለች፤ ዛብሎን ከእኛ ጋር ጭቃ ረገጠ። ጭቃው ጉልበቱ ድረስ ሲደርስ እንኳ ዝም ብሎ ይረግጥ ነበር፤ እኔም ለስድብ ያዘጋጀሁትን አፌን ዘጋሁ። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው አለቀ፣ ቆርቆሮው ተመታ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግን የበር ሳንቃ እንደሌለን አየን። አናጺው ለሠርግ ሄዷል። ካልጨረስን የቀኑ ድካም ሁሉ ከንቱ ነው፤ ቤቱ ፈርሶ እንደገና ሊጀመር ነው።

«ቁም ሣጥኑ!» አለች ሪስፓ።

«እሱማ ከዝግባ የተሠራ ነው!» አለ ዛብሎን። ወዲያው ግን ራሱ መጥረቢያውን ከልጁ ቀምቶ፣ የቁም ሣጥኑን በር ከነመስታወቱ ፈንቅሎ አወጣው። ለጭቃው መቃን ሰፋ፤ በጎን ጠረበው፤ በሽቦ አሰርነው። መስታወቱ ወደ ውጭ ዞሮ ቀረ፤ ለመገልበጥ ብርሃን አልነበረም።

ባልና ሚስቱ ጎንበስ ብለው ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። እኛ ውጭ የቀረነው ጭቃ የመታው ፊታችንን መስታወቱ ውስጥ እያየን፣ ማን ከማን እንደሚከፋ ስንለይ ቆምን።

«ምን ትገተራላችሁ? ባልና ሚስት ገብተዋል፣ ሂዱ!» ብሎ ዩስቶ በከዘራው በተነን።