እናቴን የሸኙበት ፊልም

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ከቡልቡላ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ብቻዋን ቀረች። እኔ የምኖረው አዳማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ነይና አብረን እንኑር ብዬ ያልለመንኳት በዓል የለም። "ላሜን ማን ያልባታል?" ትለኛለች። ላሟ ከነጠፈች ቆይታለች፤ ይህን ግን ሁለታችንም አናነሳም።

የፊልም ሠሪዎቹ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ወጣቶች ናቸው፤ ካሜራቸው እንኳ የውሰት ነበር። ታሪኩ አጭር ነው፦ አንዲት አሮጊት ገጠር ብቻዋን ትኖራለች፣ ከተሜ ልጇ መጥታ በመኪና ትወስዳታለች፣ አለቀ። ለአሮጊቷ የምትሆን ተዋናይ አጥተው ሲዞሩ እናቴን አገኙ። ልጇን ሆና የምትጫወተው ከአዲስ አበባ የመጣች ቆንጆ ናት። እውነተኛዋ ልጅ እኔ፣ ቀረጻውን ላይ ከአዳማ መጥቼ፣ ዳር ቆሜ የሌላ ሰው ሻንጣ እይዝ ነበር። ሳቄም መጣ፣ ተናደድኩም።

እናቴ ሥራውን ወደደችው። ዳይሬክተሩ "እማማ፣ እባክዎ ካሜራውን አይዩት" ሲላት፣ "እሱ እያየኝ እኔ ለምን አላየውም?" ትለዋለች።

በመጨረሻው ቀን የስንብቱ ትዕይንት ተቀረጸ። ጎረቤቶቹን "ዝም ብላችሁ ሸኟት" አሏቸው። በእኛ አገር ዝም ብሎ መሸኘት የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌዎቹ ርጥብ ሣር አስይዘው መረቋት። ሴቶቹ ቅቤ ይዘው መጥተው አናቷን ቀቧት። አብራት ያረጀችው ጎረቤታችን አንገቷን አቅፋ በኦሮምኛ "ነጋቲ፣ ነጋቲ" እያለች ስትሰናበታት የካሜራው ልጅ ራሱ ዓይኑን ጠረገ።

መኪናው እናቴን ይዞ እስከ አስፋልቱ ሄደና ተመለሰ። ወረደች። ብርሃኑ አልተመቸንም፣ እንድገመው አሉ። እንደገና መረቁ፣ እንደገና አለቀሱ፣ መኪናውም ሄዶ ተመለሰ። ሁለቱንም ጊዜ ያለቀሱት ከልባቸው ነው። አመሻሽ ላይ ልጆቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ፤ እናቴም ቅቤው ግንባሯ ላይ እየቀለጠ ቤቷ ገባች።

ሳምንት ሳይሞላ ደወለችልኝ።

"መጥተሽ ውሰጂኝ።"

"ምነው? አመመሽ እንዴ?"

"ምንም አልሆንኩም። ውሃ ልቀዳ ስወጣ 'አልሄድሽም እንዴ?' ይሉኛል። ገበያም ስሄድ እንደዚያው። ሸኝተውኛል እኮ! ያ ሁሉ ሰው መርቆኝ፣ አልቅሶልኝ፣ ምን ብዬ እቀመጣለሁ?"

"እማዬ፣ ፊልም እኮ ነው።"

"ፊልሙስ ፊልም ነው። እንባው ግን የሰው ነው።"

ሄጄ ወሰድኳት። ላሟን ለዚያችው ጎረቤታችን ሰጠች። ስንወጣ ከየቤቱ ብቅ ያለ ሰው አልነበረም፤ አንዴ ተሸኝታለች፣ የተሸኘን ሰው ደግሞ መሸኘት ሟርት ነው። እናቴ ወደ ኋላ አልዞረችም። ስንት ዓመት የለመንኩት ነገር ሆነልኝ፤ እኔ ግን እስከ ሞጆ ድረስ በየመሃሉ ወደ ኋላ እዞር ነበር።

አዳማ ደረጃው ጉልበቷን አሸነፈው። በረንዳ ላይ ወንበር አውጥታ ቁልቁል ባጃጅ ስታይ ትውላለች። ምን ላምጣልሽ ስላት "ምንም" ትላለች። እናቴ ድሮ ይህን ቃል አታውቀውም ነበር፤ ሁልጊዜ የምታዘኝ አታጣም።

ፊልሙ ተጠናቆ አዳማ ውስጥ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ ታየ። ደግፌ ደረጃውን አወረድኳት፤ ፊልም ሠሪዎቹ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት። ራሷን ስታይ ነጠላዋን አስተካከለች። ላሟ ስትመጣ ግን በኦሮምኛ ጮክ ብላ ጠራቻት፤ ሰው ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

መጨረሻ ላይ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ጎረቤታችን አለቀሰች፣ መኪናው አቧራውን አስነስቶ አስፋልቱ ላይ ወጣና እያነሰ ሄዶ ጠፋ። ጨለመ። አጨበጨቡ፤ መብራት በራ። ዳይሬክተሩ መጥቶ ጉልበቷን ሳመ። ሰው ሁሉ እየተነሳ መውጣት ሲጀምር ክንዷን ያዝ አደረግሁ።

"እማዬ፣ አልቋል። ተነሺ እንሂድ።"

እጄን ቀስ ብላ ከላይዋ አነሳች። ዓይኗን ከባዶው መጋረጃ ላይ አልነቀለችም።

"ቆይ እንጂ" አለችኝ። "መኪናው መች ተመለሰ?"