የመሪጌታው ግራ እግር

ሠላሳ ዓመት ታሪክ ሳስተምር ኩረጃ የያዝሁት በትክክለኛ መልስ አይደለም። ሁለት ተማሪዎች ትክክል ቢጽፉ አጥንተው ይሆናል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ስህተት ከጻፉ ግን አንዱ የሌላውን ወረቀት አይቷል። ደብረ ታቦር ላይ ያስተማርኋቸው ሁሉ ይህን ያውቃሉ፤ ስንቱን በዚሁ አስለቅሻለሁ። እኔው በገዛ ስህተቴ እታለላለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ነው። ገሳይ አካባቢ ለሠርግ ሄጄ፣ አንድ ገበሬ ቤት በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው የሚያስደግፉበት ከባድ ብረት አየሁ። የታንክ ሰንሰለት ቁራጭ ነበር። «አባታችን የእንግሊዝ ነው ይሉ ነበር» አሉኝ። ለምኜ ወሰድሁት። ሳስተምርበት በኖርሁት ትምህርት ቤት ላስቀምጠው፣ ከጎኑም የምን ታንክ እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ከነፊርማዬ ልለጥፍ አሰብሁ። ከዚህ ዓለም የሚተርፈኝ ነገር ያ ወረቀት ነው ብዬ ነበር፣ እውነቱን ልናገር ካልሁ።

ውጭ አገር ያለ የቀድሞ ተማሪዬ እንግሊዞች ጣሊያንን ለማስወጣት በገቡበት ጦርነት ዘመን የተጻፉ ሰነዶችን ቅጂ በስልክ ይልክልኝ ጀመር። ብረቱን ከፎቶዎቹ ጋር አስተያይቼ ማርክ ስድስት የሚባለው ቀላል ታንክ መሆኑን ደረስሁበት። ችግሩ ማርክ ስድስት አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ በሚሉ ፊደሎች ይለያል። ኤ የሚባለው አናቱ ላይ ባለማዕዘን ቆብና ሁለት የሞተር አየር መተንፈሻ አለው። የቢ ቆቡ ክብ ነው፣ መተንፈሻውም አንድ። ሲ ጭራሽ ቆብ የለውም። ሰንሰለቱ ግን ለሁሉም ያው ነው። የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ደግሞ «ቀላል ታንክ፣ ማርክ ስድስት» ብለው ፊደሏን ይተዉአታል። ስንቴ ረገምኋቸው! ለአንዲት ፊደል ሁለት ዓመት ዓይኔን አፈሰስሁ። ከቢ ይልቅ ብርቅ ስለሆነ ኤ እንዲሆንልኝ እመኝ ነበር።

የማገኘውን ሁሉ በደብተር እጽፋለሁ፤ ደብተሩን ከእኔ ሌላ የሚያነበው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከልጅነት ጀምሮ ወዳጄ ነው፤ ዕድሜውን በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በረንዳው ላይ ተቀምጠን እሱ የድሮ ሙግቶቹን ያወራልኛል። ምስክር እንዴት እንደሚያስጠና ሲነግረኝ በሳቅ እፈርስ ነበር። «ምስክር ያየውን ብቻ ከተናገረ ማን ያምነዋል? ትንሽ ሙቀት፣ ትንሽ ሽታ ጣል ታደርግበታለህ» ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ራሱ ምስክር አገኘሁልህ አለኝ። ገሳይ ያሉ፣ ዘጠና ያለፋቸው መሪጌታ ናቸው። አብረን ሄድን። መሪጌታው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«ልጅ ነበርሁ። ታንኩ መንገድ ላይ ቆመ። ወታደሩ አንሥቶ ላዩ ላይ አስቀመጠኝ፤ ፊቴን እንደ ሹፌሩ ወደፊት አድርጌ ተቀመጥሁ። ቆቡ ባለማዕዘን ነው። መተንፈሻው በግራ በኩል ሁለት ነው። ሙቀቱ ግራ እግሬን ለበለበኝ።»

እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። በሳምንቱ ወረቀቱን ለጠፍሁ፦ «ቀላል ታንክ፣ ማርክ ስድስት ኤ»፣ ከታች ፊርማዬ። መምህራንና ተማሪዎች ባሉበት ቆሜ የመሪጌታውን ቃል አነበብሁ፣ የግራ እግራቸው መለብለብ ሳይቀር።

ከሦስት ወር በኋላ ተማሪዬ ከሹፌሮች መመሪያ አንድ ገጽ ላከልኝ። ታንኩ ከላይ ታይቶ የተሣለበት ነው። ሹፌሩ በግራ፣ ሞተሩና መተንፈሻው በቀኝ። ደብተሬን ገለጥሁ። «መተንፈሻ፣ በግራ» ይላል፣ በእኔው እጅ። ስጽፈው ያየሁት ፎቶ ከፊት ለፊት የተነሣ ነበርና የታንኩ ቀኝ ለእኔ ግራ ሆኖብኝ ነው።

እኔስ በፎቶ ተሳሳትሁ። ላዩ ላይ የተቀመጠ ሰው ግራ እግሩን እንዴት ይለበልበዋል? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ደብተሬን ያነበበው ወዳጄ ዘንድ ሄድሁ፤ አልካደም። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ክፉ አላሰብሁም። ሁለት ዓመት ስትከሳ አየሁህ። አንዲት ፊደል ማንን ትጎዳለች?»

«ሰው ፊት አቆምኸኝ እኮ» አልሁት።

«ግራ ብለህ የጻፍኸውስ አንተ አይደለህ? እኔ ያልጻፍኸውን አላስጠናሁም።»

አንጀቴን ያሳረረው ይኸኛው ነው። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።

አንድ ተስፋ ቀርቶኝ ነበር። ብቻዬን ወደ መሪጌታው ሄድሁ። «ወዳጄ የነገረዎትን ይተዉትና፣ መሪጌታ፣ በዓይንዎ ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ» አልኋቸው።

«ማየቱን አይቻለሁ» አሉ። «ወታደሩም አንሥቶኛል፣ ይህ እውነት ነው። ግን ያ ሰው ስምንት ቀን ተመላልሶ፣ እኔ ተማሪ ሳስቀጽል እንደኖርሁ፣ ቃል በቃል እያስደገመ አስቀጸለኝ። መምህሩን ደስ ይለዋል፣ ጽድቅ ነው አለኝ። እኔ ደግሞ በቃሌ የያዝሁት አይጠፋኝም። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ እሱ ያለው ነው። የፊተኛው የት እንደገባ እንጃ።»

መመሪያው በቀኝ እንደሚል ነገርኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ አዝነውልኛል። «ቀኝ ከሆነም፣ ልጄ፣ በል አንተ አስቀጽለኝ።»

እሑድ እሑድ እዚያ በረንዳ ላይ መቀመጥ ትቻለሁ። ትምህርት ቤት ያለውንም ወረቀት ልጬ ሌላ ለጥፌበታለሁ። «ቀላል ታንክ፣ ማርክ ስድስት» ይላል፤ ፊደል የለውም።